ክብደቱ የት አረፈ?
በአንዋር መስጊድ ሰፈር ባለ ሁለት ጎማ የእጅ ጋሪ ሲጫን «ስንት ኪሎ ነው?» እንላለን እንጂ «ክብደቱ የት አረፈ?» አንልም። በደልዳላ መንገድ የ300 ኪሎ ግራም ጭነት የክብደት ማዕከል ከጎማው ዘንግ 20 ሳንቲ ሜትር ወደ እጀታው ቢያደላ፣ ከዘንጉ 1.5 ሜትር የራቀውን እጀታ የያዘው ወጣት የ40 ኪሎ ግራም ጫና ይሸከማል፤ 5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ቢያደላ ግን 10 ይሆንለታል።

ተሳቢ የሚጎትት መኪናም ለዚሁ ሕግ ተገዥ ነው፤ ከኋላው ጫና ሲበዛ የፊት ጎማዎቹ ይቀላሉ፣ መሪውም ይከዳል። በውጭ አገር ጫናውን ለፊት ጎማዎች የሚያካፍል ማያያዣ ቢኖርም ክብደቱን አይቀንስም፤ የተዛባ አጫጫንንም አያርምም።

ጋሪ ገፊው ይህን በወገቡ ያውቀዋል፤ ጭነቱን የሚደረድረው ግን ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ከስንዝር ያነሰ ማንሸራተት ወገብ የሚያድን ከሆነ፣ ሕጉን በሰሌዳ ላይ ብቻ የምናስተምር መምህራን ተወቃሾች ነን። ተማሪዎቻችን ሆይ፣ ሜትራችሁን ይዛችሁ ወደ ገበያው ውጡ!