ልንደርስ ስንል

ዛሬ ስለ ጉዞ እንጫወት። እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ከቤተሰባችሁ ጋር ረጅም መንገድ ሄዳችሁ እንደሆነ፣ የተጣላችሁት መቼ ነበር? ስትነሡ ወይስ ልትደርሱ ስትሉ? የማውቃቸው ባልና ሚስቶች አብዛኞቹ «ልንደርስ ስንል» ይሉኛል።

ጆን ቮጌልና ናንሲ ሳትሬ ቮጌል የሚባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት አሉ፤ መምህራን ነበሩ። በብዙ አገር አስተምረዋል፤ ከእነዚያ አንዷ የእኛይቱ ኢትዮጵያ ናት። መንታ ወንዶች ልጆቻቸው ዴቪና ዳሪል ገና የ10 ዓመት ልጆች ሳሉ፣ በ2000 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ፣ አራቱም በብስክሌት ከአላስካ ሰሜናዊ ጫፍ ተነሡ። መድረሻቸው በአርጀንቲና ደቡብ ጫፍ ያለችው የኡሹዋያ ከተማ ነበረች። የደረሱት በመጋቢት 2003 ዓ.ም. ነው፤ 15 አገር አቋርጠው፣ ከ27 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነድተው፣ ልጆቹም 13 ዓመት ሆኗቸው። እናትየዋ ኋላ ታሪኩን በመጽሐፍ አውጥታዋለች።

ርዝመቱ ያስደንቃል፤ እኔን ግን የሳበኝ መጨረሻው ነው። ፓታጎኒያ የሚባለው የደቡብ አሜሪካ ጭራ በነፋሱ የታወቀ ነው። ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ብስክሌተኛውን ገፍትሮ ከመንገድ ሊያወጣው ይችላል። ከዚያ የማጄላንን የባሕር ወሽመጥ በጀልባ ተሻግሮ ቲዬራ ዴል ፉዌጎ ደሴት ላይ ይወጣል፤ ኡሹዋያ ከመግባቱ በፊት ደግሞ ተራራ ይጠብቃል። መጋቢት በዚያ አገር ብርዱ የሚጀምርበት ወር ነው። ሦስት ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ድካም በእግር ላይ ተጠራቅሞ፣ ልብ ቀድሞ ቤት ገብቶ ሳለ፣ እንዲህ ያለው መንገድ የሚመጣው ያን ጊዜ ነው።

ሲነሡ ሁሉም ስለሚፈራ ይጠባበቃል። ሊደርሱ ሲሉ ግን አባት የቀረውን ኪሎ ሜትር ይቆጥራል፤ እናት ዘግታ የመጣችውን ቤት ታስባለች፤ ልጅ ትምህርት ቤቱን። ሁሉም ለየብቻው ይደርሳል።

በራሴም ቤት አይቼዋለሁ። ባለቤቴ የቦረና ልጅ ነው፤ የወሎው ቦረና፣ ከመካነ ሰላም። ልጆቻችን ትንንሽ ሳሉ በአንድ የጥር ወር እናቱን ልንጠይቅ ከአዲስ አበባ ተነሣን። ደሴ አደርን፤ በማግስቱ በለጋምቦ ደጋ በኩል ተጓዝን። ያን አገር የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ አቀስታ ላይ በጠራራ ፀሐይ ጋቢ ያስፈልጋል። መንገዱ ያን ጊዜ ፒስታ ነበር። መካነ ሰላም ልንገባ ጥቂት ሲቀረን አውቶቡሱ ተበላሸ።

ባለቤቴ «ደርሰናል እኮ፤ በእግር እንግባ» አለና ትልቁን ልጃችንን ይዞ ቀደመ። የአገሩ ሰው እግር ነዋ! እኔ ትንሿን አዝዬ፣ መካከለኛውን እየጎተትሁ፣ ሻንጣ አንጠልጥዬ ከኋላ። ጠራሁት፤ ኋላ መጥራቱንም ተውሁት። እርሱ ዞር ብሎ «ምን ሆናችሁ? ይኸው ቆርቆሮው ይታያል!» አለ። እኔም «የምንሄደው እናትህ ቤት ነው፤ እኔን ምን ያስቸኩለኛል?» ብዬ መለስሁለት። በሁለት ቀን መንገድ ክፉ ቃል አልተነጋገርንም ነበር፤ ይህ ከአፌ የወጣው ለመድረስ ግማሽ ሰዓት ሲቀረን ነው። እርሱም ምንም ሳይመልስ ጉዞውን ቀጠለ።

አህያ የሚነዱ አንድ አባት ከኋላ ደረሱብን። «አብሽሪ ልጄ» ብለው ሻንጣውን ጫኑልኝ፤ አህያዋንም በእኔ እርምጃ ልክ ነዷት።

ባለቤቴ ደጅ ሲደርስ እናቱ ገና ሳይስሙት «ሚስትህስ?» አሉት። «ከኋላ እየመጣች ነው።» «እንግዲያስ ሂድና ይዘሃት ና!» ብለው መለሱት። ይህን የነገረኝ ኋላ ነው። መንገድ ላይ አገኘንና ልጅቷን ከጀርባዬ ተቀበለኝ፤ ሳንነጋገር ገባን።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን፣ መንገዱ ሊያልቅ ሲል ከፊት የሚሄደው ከሁላችንም ቀርፋፋው ነው፤ አባት ከኋላ ይሆናል። በመጨረሻው ቀን ዋዜማ ደግሞ እራት ላይ እያንዳንዳችን ስንደርስ የሚጠብቀንን እንናገራለን። ልጆች ያኔ የሚያወጡት ፍርሃት አንዳንዴ ያስደነግጣል። በብስክሌትም ቢሆን ይሠራል። ልጆቻችሁን ማለማመድ ብትፈልጉ እንደ ሐዋሳ ያለ ሜዳማ ከተማ ይሻላል። በአማራ ክልል በ2015 ዓ.ም. ከተነሣው ግጭት በኋላ በዚያ በእኛው መንገድ ለመዝናናት ውጡ ልላችሁ አልደፍርም፤ ናፍቆቱ ግን አለ።

ስለዚያ ቃሌ ሳልነግራችሁ አልለፍ። ይቅርታ የጠየቅሁት ከሦስት ቀን በኋላ ስንመለስ ነው፤ አውቶቡሱ አቀስታ ለቁርስ ቆሞ። ባለቤቴ ሻዩን አስቀመጠና «እኔም እኮ ጥሪሽን ሰምቼው ነበር» አለኝ።