የወንዙ ዕዳ

ለመሆኑ የከተማ ሰው ለሚጠጣው ውሃ ባለዕዳነቱ ለማን ነው? በየወሩ ሂሳብ ለሚያስከፍለው መሥሪያ ቤት ብቻ ነውን? ለጥያቄው መልስ የሚሻ ሰው ከኒው ዮርክ ከተማ በስተሰሜን ምዕራብ ያሉትን የካትስኪል ተራሮች፣ ያውም በመጸው ወራት፣ ቢመለከት ይጠቀማል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያ ወቅት የዛፉ ቅጠል ይቀላል፤ ወንዙም ይቀዘቅዛል። በሐምሌና በነሐሴ ሙቀት ጥላና ቀዝቃዛ ምንጭ ፈልጎ የከረመው ትራውት የተባለ ዓሣ እንደገና ይንቀሳቀሳል። አጥማጆችም ከላባና ከክር የተሠራ ዝንብ መሳይ መንጠቆ እየወረወሩ፣ አንድ ቤተሰብ በጥቂት ላሞች ከሚተዳደርበት እርሻ ግርጌ ይቆማሉ። ቡናማው ትራውትና የአገሩ ተወላጅ የሆነው ብሩክ ትራውት እንቁላላቸውን የሚጥሉት በመጸው፣ በንጹሕ ጠጠር መካከል ነው። ከማሳ የታጠበ አፈር ወይም ከብት የረጋገጠው ዳርቻ ደለል ጠጠሩን ከሸፈነው እንቁላሉ አየር አጥቶ ይሞታል። እንግዲህ ዓሣው በወንዙ መራባቱ ከላይ ያለው ገበሬ ስለ መሬቱ አያያዝ የሚሰጠው ምስክርነት ነው ማለት ይቻላል።

ይህ ምስክርነት የአጥማጁ ጉዳይ ብቻ አይደለም። ኒው ዮርክ ከምትጠጣው ውሃ ዘጠና በመቶ ያህሉ የሚመጣው ከካትስኪልና ከዴላዌር ተፋሰሶች ነው። በ1989 የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ከወንዝና ከሐይቅ የሚቀዳ የመጠጥ ውሃ እንዲጣራ፣ አለዚያም ምንጩ በአስተማማኝ ሁኔታ እንዲጠበቅ ደነገገ። ማጣሪያው ቢሊዮኖች ዶላር የሚጠይቅ ሆኖ ስለተገኘ፣ ከተማዪቱ በ1997 ከላይኛው ተፋሰስ ማኅበረሰቦች ጋር ተስማማች። መሬት የምትገዛው መሸጥ ከሚፈልግ ብቻ፣ በገበያ ዋጋ እንዲሆን ተወሰነ። ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ1993፣ ገበሬዎች ራሳቸው በሚመሩት ምክር ቤት አማካይነት ለአጥርና ለፍግ ማከማቻ ወጪ መሸፈን ጀምራ ነበር። የዚህ ተፋሰስ ውሃ እስካሁን ሳይጣራ፣ በክሎርና በአልትራቫዮሌት ብርሃን እየታከመ ይጠጣል።

«ገበሬው ወንዝ አለመበከል ግዴታው ነው፤ ለግዴታ ክፍያ ምን አመጣው?» የሚሉ አሉ። ክርክሩ ለጆሮ ይጥማል፤ ነገር ግን ሁለት ነገር ይዘነጋል። አንደኛ፣ ታሪክን። የፔፓክተን ግድብ በ1950ዎቹ ሲሠራ አራት መንደሮች ውሃ ውጧቸዋል። በአሜሪካ በውሃ ላይ በሚንሳፈፍ ዝንብ የማጥመድ ጥበብ አባት የሚባለው፣ በ1915 ያረፈው ቴዎዶር ጎርደን የኖረበት የኔቨርሲንክ ሸለቆም ዛሬ የግድብ ሐይቅ ሥር ነው። መሬቱ በሕግ ኃይል የተወሰደበት ሕዝብ ለከተማዪቱ አስቀድሞ ከፍሏል። ሁለተኛ፣ ኑሮን። የወተቱን ዋጋ ራሱ የማይተምን አነስተኛ ገበሬ የአጥሩን ወጪ ብቻውን ቢሸከም እርሻውን ይዘጋል። እርሻው ሲዘጋ ደግሞ መሬቱ ሁልጊዜ ወደ ጫካ አይመለስም፤ ብዙ ጊዜ ተሸንሽኖ ቤትና መንገድ ይሆናል። ያን ጊዜ ወንዙም፣ ዓሣውም፣ ጠጪውም ይጎዳሉ።

ስለዚህ በእኔ እምነት ክፍያው ምጽዋት ሳይሆን ዋጋ ነው። ዋጋ ብቻውን ግን አይበቃም። የ1997ቱን ስምምነት ያጸናው ገንዘቡ ብቻ ሳይሆን ገበሬው ከጠረጴዛው ዙሪያ መቀመጡ ነው። ከገፈርሳና ከለገዳዲ የምትጠጣው አዲስ አበባም ከከተማው ወሰን ውጭ፣ ከግድቦቹ በላይ የሚያርሱ ጎረቤቶች አሏት። ከእነርሱ ጋር ያለን ውል ምንድን ነው? ከተማ ውሃውን ወስዶ ባለመሬቱን ሲረሳ፣ አበው «ወርቅ ላበደረ ጠጠር» ያሉት ይደርሳል፤ ኋላም ጠጠሩ ራሱ በደለል ይሸፈናል።