መኪናዋ ተነሣች፤ ትቆማለችን?

ዝናቡ ጋብ ሲልና የግቢው ጭቃ መድረቅ ሲጀምር በብዙ ቤት «እስቲ መኪናዋን እንሞክራት» የሚል ወሬ ይነሣል። ከሰኔ ጀምሮ በሸራ ተሸፍና በግቢው ጥግ የቆመችው አሮጌዋ ቶዮታ ዲኤክስ ወይም ቮልስ፣ ቤተ ሰቡን ለመስቀል አገር ቤት እንድታደርስ ትጠበቃለች። አባወራው ቁልፉን ይዞ ይወጣል። ሞተሪኖው ሁለት ሦስት ጊዜ ያቃስታል፤ ከዚያም ሞተሩ ይነሣል፤ ጭሱ ግቢውን ይሞላዋል፤ ልጆች ያጨበጭባሉ። «ተነሣች! በቃ ነገ ማልደን እንወጣለን» ይባላል።

እኔ ግን እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ አለኝ። ተነሥታለች፤ ግን ትቆማለችን? የሞተሩ መነሣት ስለ ባትሪው፣ ስለ ነዳጁና ስለ ካንዴላው ይነግረናል። ስለ ፍሬኑ፣ ስለ ጎማውና ስለ መሪው ግን አንዲት ቃል አይነግረንም። ልጆቻችንን ከኋላ አስቀምጠን እስከ ወልቂጤ ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ የምንጓዘው ደግሞ በእነዚህ ተማምነን ነው።

በረዶ በሚጥልባቸው አገሮች አሮጌ መኪና ያላቸው ሰዎች፣ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብረቱን እንዳይበላው ብለው መኪናቸውን ክረምቱን ሙሉ ከቤት አያወጧትም። በእኛ አገር የሚያቆማት ዝናቡ፣ ጭቃውና የኪሳችን ነገር ነው። ምክንያቱ ይለያይ እንጂ ቆማ የከረመች መኪና የምትታመመው ሕመም ብዙውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ደግሞ ያለችንን አሮጌ መኪና በእንክብካቤ መያዝ ከቀድሞው ይልቅ ያስፈልገናል። ስለዚህ ከጉዞው በፊት አንድ ሙሉ ቅዳሜ ይመደብላት፤ ባልና ሚስትም አብረው ይሥሩት።

ቁልፉ ከመዞሩ በፊት

በመጀመሪያ ኮፈኑን ክፈቱ፤ ቮልስ ከሆነች ሞተሩ ያለው ከኋላ ነው። አይጥ በክረምት ሙቅና ደረቅ ቦታ ትፈልጋለች፤ የአየር ማጣሪያው ቤት ውስጥ ጎጆ ሠርታ፣ የኤሌክትሪክ ሽቦውን ቆርጥማ ልትገኝ ትችላለች። የተላጠ ሽቦ እሳት ያስነሣል። ድመትም ተኝታ እንዳትሆን አስተውሉ።

ቀጥሎ የሞተር ዘይቱን መለኪያ ዘንግ አውጥታችሁ እዩ። ዘይቱ እንደ ማኪያቶ ነጣ ብሎ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነውና ሞተሩን አታስነሡ፤ መካኒክ ጥሩ። የራዲያተሩን ውኃ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ እዩ። ቮልስ በአየር ስለምትቀዘቅዝ ራዲያተር የላትም፤ ለእርሷ ዋናው ነገር ቺንጋዋ ሳይሰነጠቅና ሳይላላ መገኘቱ ነው።

ባትሪው ቆሞም ቢሆን ቀስ በቀስ ይደክማል። ጤነኛ ባለ 12 ቮልት ባትሪ አርፎ ሲለካ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል፤ ወደ 12 ከወረደ ባዶ ለመሆን የቀረው ጥቂት ነው። ባትሪ ቤት ወስዶ ቀስ ብሎ ማስሞላት ከሁሉ ይሻላል። በባትሪው ራሶች ላይ የሚታየውን ነጭ ወይም አረንጓዴ ዱቄት በባዶ እጅ አትንኩ፤ ገመዶቹ ከተፈቱ በኋላ ከወጥ ቤት ቤኪንግ ሶዳ በውኃ በጥብጣችሁ አጽዱት። ከሌላ መኪና በገመድ የምታስነሡ ከሆነ አስቀድሞ ቀዩን ከፖዘቲቭ ወደ ፖዘቲቭ እሰሩ። ከዚያ የጥቁሩን አንድ ጫፍ ከደህናው ባትሪ ኔጋቲቭ ጋር፣ የመጨረሻውን ጫፍ ደግሞ በእናንተ መኪና ሞተር ብረት ላይ ከባትሪው ራቅ አድርጋችሁ እሰሩ። ከባትሪ የሚወጣው ጋዝ በትንሽ ብልጭታ ሊፈነዳ ይችላልና።

ቤንዚንም ይበላሻል። ቀላሉ ክፍል ይተንና የቀረው እየወፈረ እንደ ሙጫ በካርቡራተሩ ቀጫጭን ቀዳዳዎች ላይ ይጣበቃል። ታንኩ ግማሽ ሆኖ ከከረመ ደግሞ በውስጡ ያለው እርጥብ አየር ውኃ ሆኖ ከቤንዚኑ ሥር ይተኛል። ሽታው እንደ ቫርኒሽ ከሆነ ይቀዳና በአዲስ ይተካ።

እዚህ ላይ ሁለት የተለመዱ ነገሮችን እባካችሁ ተዉ። አንደኛው፣ አንዱ ቁልፍ እያዞረ ሌላው በሃይላንድ ጠርሙስ ቤንዚን ወደ ካርቡራተሩ ማፍሰስ ነው። ሞተሩ ወደ ኋላ እሳት ከተፋ ጠርሙሱ በእጅ ላይ ይቀጣጠላል። ሁለተኛው፣ ፍሬኑ ሳይፈተሽ መኪናዋን በቁልቁለት ገፍቶ ማስነሣት ነው። ሞተሩ እምቢ ቢል ማን ያቆማታል?

ሞተሩ ሲነሣ

ሞተሪኖውን በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታስጩኹ፤ አሳርፋችሁ እንደገና ሞክሩ። ሞተሩ ከተነሣ በኋላ የዘይቱ መብራት በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ካልጠፋ ወዲያው አጥፉት። ነዳጅም አትርገጡ፤ ሦስት ወር ሙሉ ወደ ታች የወረደው ዘይት ወደ ላይ እስኪደርስ ድረስ ብረት ከብረት ጋር ይፋተጋል።

እናቶች በተለይ ይህን ልብ በሉ። በሩ በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ሞተር ማስነሣት ለሞት ያደርሳል። ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ በደማችን ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። ማርሚታው በዝገት ተበስቶ ከሆነም ጋዙ ወደ መኪናዋ ውስጥ ይገባል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሰው ካለ ሁሉም ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ይውጣ፤ ሐኪምም ይየው። ልጆች ብርድ ነው ተብሎ በመኪናዋ ውስጥ ተቀምጠው አይጠብቁ።

ትቆማለችን?

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደረስን። መኪናዋ የእጅ ፍሬን ተይዞ ከርማ ከሆነ ሸራው ከታምቡሩ ጋር በዝገት ተጣብቆ ይገኛል። ነዳጅ ረግጦ በጉልበት ማላቀቅ ሸራውን ሊገነጥለው ይችላል፤ ጎማው ወልቆ በባለ ሙያ ይላቀቅ።

ከዚያ ፔዳሉን ረግጣችሁ ለግማሽ ደቂቃ ያህል ያዙት። ጠንከር ብሎ መቆየት አለበት። ከእግራችሁ ሥር ቀስ እያለ ከወረደ ፍሬን ዘይቱ የሚያፈስበት ቦታ አለ፣ ወይም ፓምፑ ደክሟል። በጎማዎቹ ውስጠኛ ጎን እርጥበት እንዳለ ተመልከቱ። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል። እርጥበት የበዛበት ዘይት በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ የፈላ ዘይት ደግሞ ፔዳሉን ባዶ ያደርገዋል። ስለዚህ ሁለት ዓመት ያለፈው ከሆነ ይቀየር።

ጎማውን በጥርሱ ብቻ አትመዝኑት። በጎኑ ላይ የመጨረሻዎቹን አራት አሃዞች አንብቡ። 2314 የሚል ከሆነ በፈረንጆች 2014 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት፣ ማለትም በእኛ በ2006 ዓ.ም. ግንቦት መጨረሻ አካባቢ ተሠርቷል ማለት ነው። ከአሥር ዓመት ያለፈ ጎማ ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ጎማነቱ ደርቋል፤ ለረጅም መንገድ አይታመንም።

ይህ ሁሉ ካለቀ በኋላ በግቢ ውስጥ በእግር መሄጃ ፍጥነት፣ ቀጥሎም ሰው በሌለበት ሜዳማ መንገድ በ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ፍሬኑን ሞክሩ። በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ርግጫዎች የዝገት ድምፅ ቢሰማ የተለመደ ነው፤ ካልጠፋ ወይም መኪናዋ ወደ አንድ ጎን ከሳበች ግን መካኒክ ይያት። በመጨረሻ በከተማው ውስጥ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ነድታችሁ ተመለሱ። እጃችሁን ሳትነኩ ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉት፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ የሚፋጅ ከሆነ ፍሬኑ አለቅ ብሏል። ከሥሯ ካርቶን አንጥፋችሁ አሳድሯት፤ ጠዋት የሚፈስ ነገር ካለ ካርቶኑ ያሳያችኋል። የሦስተኛ ወገን መድኑና ቦሎው ቆማ ሳለች እንዳላለፈበትም እዩ።

በባልና ሚስት መካከል

እህቴ ሆይ፣ «የመኪና ነገር አይገባኝም» ብለሽ ዝም አትበይ። «ፍሬኑ ታየ ወይ?» ብሎ ለመጠየቅ መካኒክ መሆን አያስፈልግም። ጥያቄሽ ግን በልጆች ፊት፣ በመነሻው ሰዓት፣ ሻንጣው ከተጫነ በኋላ አይሁን፤ ከሳምንት በፊት በጸጥታ አንሺው። ወንድሜ ሆይ፣ ሚስትህ ስትጠይቅህ የተናቅህ አይምሰልህ፤ የምትጠይቅህ ስለ አንተም ስለ ልጆችህም ነው።

ገንዘብ ካነሰ ተራ አውጡለት፤ ፍሬንና ጎማ ይቅደሙ፤ መብራትና ዝናብ መጥረጊያ ይከተሉ፤ ቀለምና ቴፕ ይቆዩ። ለፍሬኑ የሚሆን ካልተገኘ ዘንድሮ በአውቶቡስ ሂዱ። አያት የሚጠብቁት እናንተን እንጂ መኪናችሁን አይደለም።

ከመንገድ በፊት እጅ ለእጅ ተያይዘን የመጸለይ መልካም ልማድ አለን። ይሁን እንጂ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22፣ አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው ማንም ከጣራው እንዳይወድቅ በዳሩ ዙሪያ መከለያ እንዲሠራ ታዝዟል። የሰው ሕይወት የተጫነባት መኪናም መከለያ አላት፤ እርሱም ፍሬኗ ነው።

ለሚቀጥለው ክረምት ደግሞ ከአሁኑ ያዙት፤ ስታቆሟት ታንኩን ሙሉ፤ ጎማውን ንፉ፤ የባትሪውን ኔጋቲቭ ገመድ ፍቱ። የእጅ ፍሬን በመያዝ ፈንታ ማርሽ አስገብታችሁ ጎማውን በድንጋይ ደግፉ። በየሳምንቱ ለሁለት ደቂቃ አስነሥቶ ማጥፋት ባትሪውን አይሞላም፤ በዘይቱና በማርሚታው ውስጥም እርጥበት ይተዋል። ከቻላችሁ በየሁለት ሳምንቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ንዷት፤ ካልቻላችሁ ተዉአት ትረፍ።

መልካም መንገድ ይሁንላችሁ። ጌታ ይባርካችሁ!