«ዞሬ ልምጣ»

ባለፈው እሑድ ሁለተኛው ቡና ሊቀዳ ሲል እህቴ ስልኳን ጀበናው አጠገብ አስደግፋ አቆመችው። በቲክቶክ ላይቭ አንዲት ሐበሻ፣ ዱባይ ዴራ ካለ ሱቅ ውስጥ ሆና፣ ቀሚስ በቀሚስ ላይ ታነሳለች። «ውዶቼ፣ ከዚህች ሦስት ፍሬ ብቻ ነው የቀረኝ! የፈለገ ስክሪንሾት አንስቶ ኢንቦክስ!» እናቴ መነጽሯን አስተካክላ፣ «እስቲ ጨርቁን ጨምድጂው በያት፤ ይጨማደድ እንደሆነ ልየው» አለች። እህቴ ግን አዲስ አበባ ላለችው የሻጯ ወኪል በቴሌብር ቀብድ ልካ ጨርሳ ነበር።

እህቴ ከዚህ በፊትም እንዲሁ ገዝታለች። የዚያን ጊዜ ቀሚሱ በሦስተኛው ሳምንት ሲደርስ፣ ስልኩ ላይ ወይን ጠጅ የነበረው ቀለም ቡናማ ሆኖ፣ ትከሻውም ጠቦ ተገኘ። ልመልስ ብትል፣ «በኪሎ ተከፍሎበት የመጣ ነው» ተባለች።

ሻጮቹን ልወቅስ አይደለም። የባህር ማዶ ዕቃ ለብዙዎቻችን የሚደርሰው ወይ ዘመድ በሻንጣ ሲያመጣው፣ ወይ ስንት እጅ ተሻግሮ መርካቶ ሲገባ ነበር። ዛሬ አንዲት ልጅ የሱቅ ኪራይ ሳትከፍል ዴራን ሳሎናችን ድረስ ታመጣለች። የእኔ ቅሬታ ሌላ ነው፤ ላይቩ «ዞሬ ልምጣ» የምትለዋን የገዢ መሣሪያችንን ቀምቶናል።

መርካቶ የተመላለሰ ሰው ያውቃታል። ጨርቁን ይዳስሳል፣ ስፌቱን ይገለብጣል፣ ዋጋ ይጠራል፤ ከዚያ «ዞሬ ልምጣ» ብሎ ይሄዳል። ሦስት እርምጃ ሳይራመድ ወይ «ና እሺ፣ ውሰደው» የሚል ድምፅ ይከተለዋል፣ ወይ ቀጣዩ ሱቅ ሲደርስ ዕቃውን ከነጭራሹ እንዳልፈለገው ይገባዋል። ሁለቱም ትርፍ ነው። ላይቩ ላይ ግን የዞረ ሰው ተበልጧል። ግርግር ለሌባ ይመቻል እንላለን፤ ለሐቀኛ ነጋዴም ሳይመች አይቀርም።

ይህን ንግድ ያገነነችው ቻይና ናት። ታኦባዎ የተባለው የኢንተርኔት ገበያዋ የላይቭ ሽያጩን የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። «የሊፕስቲክ ንጉሥ» የሚሉት የላይቭ ሻጭ ሊ ጃቺ «3፣ 2፣ 1» ብሎ ቆጥሮ የመግዣውን ሊንክ ሲለቅ ገዢው ይሻማል። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2014 ሥራ ላይ የዋለው የተሻሻለው የቻይና የሸማቾች ሕግ፣ በኢንተርኔት የገዛ ሰው ከጥቂት የዕቃ ዓይነቶች በቀር ያለ ምክንያት በ7 ቀን ውስጥ እንዲመልስ ፈቅዶለታል። ቸኩሎ የገዛው ቤቱ ቁጭ ብሎ «ዞሬ ልምጣ» ይላል ማለት ነው።

እኛም የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 አለን። ግን ደረሰኝ የሌለው፣ በሰው ሻንጣ የገባ፣ ሻጩ ባህር ማዶ ያለ ዕቃ ተይዞ ወዴት ይኬዳል? ስለዚህ ሰባት ቀን ቢቀር አንድ ሌሊት ለራሳችን እናውጅ። ስክሪንሾቱ ይነሳ፤ ቀብዱ ግን ይደር። እኔ እንደታዘብኩት ያ «ሦስት ፍሬ» ሳምንቱን ሙሉ ሦስት ነው።

ትናንት ማታ ላይቩ እንደገና ሲከፈት እናቴ አንድ ነጠላ አማራትና ዋጋውን ጠየቀች። ሲነገራት፣ «ጻፊልኝ፤ እናቴ ዞሬ እመጣለሁ ብላለች በያት» አለቻት እህቴን። ሻጯ ጮክ ብላ አነበበችው፤ ሳቋ ዴራን አልፎ ቤታችን ገባ።

«እማማ፣ ይምጡ እሺ፤ ሁለት መቶ ቀንሻለሁ!»