የወባ ትንበያ ከግድግዳው ሰንጠረዥ ጋር ይወዳደር!

ወዳጆቼ፣ ዛሬ ስለ ሶፍትዌር ላወራ ነው። «ምን አገባን?» የሚል ካለ ትንሽ ይታገሰኝ፤ ጉዳዩ የወባ ነው።

ከአንኮበር ወደ አሊዩ አምባ የወረደ ሰው ያውቀዋል። ላይ ጋቢ ያስደርባል፤ ታች ሲደርሱ ጋቢው ሸክም ይሆናል። በወረዳ ግን አንድ ናቸው። ደገኛው ለገበያና ለሥራ ቆላ ወርዶ ሕመሙን ይዞ ይመለሳል። የወረዳውን አማካይ ሙቀት ብቻ ይዞ የሚተነብይ ሞዴል ደጋውንም ቆላውንም አያውቅም።

ትንበያ ቅንጦት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1958 በሀገራችን የተነሣው ወረርሽኝ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው አሳምሞ 150 ሺህ ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። በ2024ም እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሕሙማንና 1,157 ሞት ተመዝግቧል።

አሁን ማንም ላፕቶፕ ያለው ሰው በቤይዥያን ሶፍትዌር ሞዴል ሠርቶ የሚያምር ግራፍ ያቀርባል። የቤይዥያን ስሌት ደግ ጎኑ ምን ያህል እንደሚጠራጠር መናገሩ ነው። ነገር ግን ጥርጣሬው ሞዴሉን እውነት ነው ብሎ ተቀብሎ የሚሰላ ነው። ሞዴሉ ራሱ ከሳተ ማን ይንገረን? ሌላ ሞዴል አጠገቡ ካልቆመ ማንም!

ስለዚህ የሞዴል ማወዳደሪያ ለሶፍትዌር ጌጥ አይደለም፤ የተጠያቂነት በር ነው። እንደ ስታን ላሉት ማወዳደሪያው ከተሠራ ቆይቷል። ስሌቱ ሌላ ቢሆንም፣ ለአማራ ክልል የወባ ትንበያ የተዘጋጀው ኤፒዴሚያርም ትንበያውን ከሁለት ተራ ግምቶች ጋር ያፎካክራል፦ «ያለፈው ቁጥር ይደገማል» እና «እንደ ቀደሙት ዓመታት አማካይ ይሆናል» ከሚሉት ጋር። መንገዱ ይህ ነው።

«ማወዳደሪያ ካለ ሰው ሳያስብ አንደኛ የወጣውን ያነሣል» የሚሉ አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ከደካሞች መካከልም አንደኛ አይጠፋም። መድኃኒቱ ግን መሣሪያውን መንፈግ አይደለም፤ ተወዳዳሪውንና ፈተናውን ማስተካከል ነው።

አንደኛ፣ ጤና ተቋሞቻችን የሚያውቁት ዘዴ ይግባ፦ የ5 ዓመት የየሳምንቱን ቁጥር ደርድሮ ከትልቁ ቀጥሎ ያለውን ጣራ ማድረግ። ይህን የግድግዳ ሰንጠረዥ ያልረታ ሞዴል ምን ይረባናል?

ሁለተኛ፣ ፈተናው መጪውን ሳምንት ይደብቅ። ከመሐል አንድ ሳምንት ጎርዶ «ገምት» ማለት መልሱን በግራና በቀኝ አስቀምጦ እንደ መፈተን ነው። ወባ ካለፈው ሳምንት ወደሚመጣው ይሸጋገራልና!

ሦስተኛ፣ ልዩነቱ ከነስሕተት መጠኑ ይነገር። በጠባብ ልዩነት የቀደመን ሞዴል አሸናፊ ብሎ ማወጅ ሌላው ውሸት ነው።

ትንበያ ይዞ ለሚመጣ ሁሉ ጥያቄያችን አንድ ይሁን፦ «ማንን አሸንፈህ መጣህ?» መልስ ከሌለው ግራፉን ይዞ ይመለስ። አጎበርና መድኃኒት በግራፍ ውበት አይከፋፈልም።