እንገር የጥጃ ብቻ ነውን?

በላስታ ደጋ ላም ስትወልድ ገበሬው ጥጃውን ወደ እናቱ ጡት ያስጠጋዋል። እንገር ያጣ ጥጃ እንደማይጠነክር ያውቃልና። ሴት ስትወልድ ግን ነገሩ የሚገለበጥበት ቤት ዛሬም አለ። የመጀመሪያው ቢጫ ወተት «ሆድ ያሳምማል» ተብሎ ይደፋል፤ ሕፃኑ ቅቤ እንዲልስ ይደረጋል። ጥጃው ያገኘውን ልጃችን የሚነፈገው በምን ጥፋቱ ነው?

ያ ቢጫ ወተት ቆሻሻ አይደለም። በሽታ የሚከላከል ኃይልና ቫይታሚን ኤ የበዛበት፣ እንደ መጀመሪያ ክትባት የሚቆጠር ነው። ጥቂት መሆኑም እናቲቱ ወተት ስላጣች አይደለም፤ የሕፃኑ ጨጓራ ገና ትንሽ ነውና ይበቃዋል። ቅቤው ግን ከስንት እጅና ከስንት ዕቃ አልፎ የመጣ ነው። ተቅማጥ ሊያስከትል፣ ሕፃኑንም ከጡት ሊያዘገይ ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ሕፃን በተወለደ በአንድ ሰዓት ውስጥ ጡት እንዲይዝ፣ እስከ 6 ወርም ከእናቱ ጡት በቀር ውሃ እንኳ እንዳይቀምስ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው። በ2008 ዓ.ም. በሀገራችን በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት 58 በመቶ ነበሩ። የቀሩትስ?

«ተሕኒክ ሱና አይደለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። አዎን፣ ሱና ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያደረጉት ግን ቴምር አላምጠው የሕፃኑን ላንቃ ማስነካት ነው። እንገር ድፉ፣ ቅቤ አልሱ፣ ጡት አዘግዩ የሚለው ከየት መጣ? ልማድን የሱና ካባ ማልበስ ሱናን ማክበር አይደለም።

ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል በቀራ አንቀጽ 233 ማጥባትን ማሟላት ለሻ ሰው ሁለት ሙሉ ዓመታትን ወስኗል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት የተቀነሱበት ሁለት ዓመት እንዴት ሙሉ ይባላል? እዚያው አንቀጽ ላይ የእናቲቱ ቀለብና ልብስ በአባት ላይ ተጥሏል።

እንግዲህ አባቶች ሆይ! «የሴቶች ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትሽሹ። ምጥ እስኪመጣ ሳትጠብቁ በእርግዝናዋ ወራት ከባለቤታችሁና ከእናቶቻችሁ ጋር ምከሩበት። ከላሊበላ የቅዳሜ ገበያ የገዛችሁትን ቅቤም ለአራሷ ገንፎ አድርጉት። እሷ ትብላ፤ ልጁ ከእሷ ይጥባ። አላህ (ሱ.ወ) ያዘጋጀለትን የመጀመሪያ ሪዝቅ ከአፉ አንንጠቀው።

ወሏሁ አዕለም።