ክንዴ ቀበቶ መስሎኝ ነበር

ባለፈው ጥር፣ እኔና ባለቤቴ ለጋብቻ ስናዘጋጃቸው የቆየን ሁለት ወጣቶች ሠርጋቸው ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤታችን መጡ። ሻይ ተጠጥቶ ጨዋታው ሲሞቅ ሙሽራው ጉሮሮውን ጠራረገና፣ «ፓስተር፣ ካላስቸገርንዎ በሠርጋችን ቀን በእርስዎ ቮልስ ብንሄድ ደስ ይለን ነበር» አለ። የባለቤቴ ፊት በራ። ያችን መኪና ያመሰገነ ሰው እሱን ራሱን ያመሰገነ ያህል ነው። «ምን ችግር አለው! እኔው ራሴ እነዳላችኋለሁ» አላቸው።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ነገር ግን አንድ ነገር ጨመርኩ፤ «ቀበቶ ታስራላችሁ።»

ሙሽሪት ሳቀች። «እትዬ ደግሞ! ቬሎዬ ይጨማደዳል እኮ። በዚያች አሮጌ መኪናስ ማን ይሮጣል?»

ባለቤቴ አልሳቀም። የሻይ ብርጭቆውን ዝም ብሎ ማየት ጀመረ። ምን ትዝ እንዳለው አውቄያለሁ። በዚያ ምሽት ለእነርሱ የነገርኳቸውን ለእናንተም ልንገራችሁ።

መኪናዋን የገዙት አማቴ ናቸው፤ የ1967 እ.ኤ.አ. ሞዴል ናት። አባባ ልጆቻቸውን ሁሉ ትምህርት ቤት ያመላለሱት በእሷ ነው። ባለቤቴ መንዳት የተማረው በአባቱ ጭን ላይ ተቀምጦ መሪዋን እየያዘ ነው። እሳቸው ካረፉ በኋላ ሸራ ለብሳ ግቢ ውስጥ ለዓመታት ቆመች። ባለቤቴ ከደመወዛችን ላይ ጥቂት ጥቂት እያጠራቀመ ሞተሯን አስወረደ፣ የበላውን ላሜራዋን አስጠገነ፣ በ2001 ዓ.ም. እንደ ጥንቷ ሰማያዊ ቀለም ተቀብታ ከጋራዥ ወጣች። በሰፈር ያሉ ሽማግሌዎች እንኳ እየቆሙ ያዩዋት ነበር።

ቀበቶ አልነበራትም። ስለ ቀበቶም የጠየቀ ሰው አልነበረም። እኔ የ3 ዓመት ልጃችንን ታቅፌ ከፊት እቀመጣለሁ፤ ታላቅ ወንድሟ ከኋላ ቆሞ አንገቱን በእኔና በአባቱ መካከል አስገብቶ ይዘምራል። እንዲህ ነበር እሑድ እሑድ የምንሄደው።

አንድ እሑድ ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው ቁልቁለት ስንወርድ፣ ከፊታችን የነበረ ታክሲ ተሳፋሪ አየና ድንገት ቆመ። ባለቤቴ ፍሬን ያዘ። ተጋጨን ለማለት እንኳ ያስቸግራል፤ የታክሲውን መከላከያ ነካ አድርገን ነው የቆምነው። ፍጥነታችን ገና ከመጀመሪያው በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። ልጄን በሁለት እጄ አጥብቄ ይዣት ነበር፤ አጥብቄ እንደያዝኳት እግዚአብሔር ያውቃል። ግን ከእጄ ወጣች። የዚያች መኪና ዳሽቦርድ ብረት ነው። ሁለት የወተት ጥርሶቿ ወለቁ፣ የላይኛው ከንፈሯም ተሰፋ። ወንድሟን ከእግሬ ሥር አነሳነው። ባለቤቴን መሪው ደረቱን መትቶት ለሦስት ሳምንት መድረክ ላይ የቆመው ደረቱን በእጁ ደግፎ ነው።

ከዚያ በኋላ ለወራት እንቅልፍ የነሳኝ አንድ ጥያቄ ነበር። እንዴት መያዝ አቃተኝ? እናት አይደለሁም እንዴ? ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኩትም። በመጨረሻ ፊዚክስ ለሚያስተምረው ወንድሜ አወጣሁት። እሱ ሊያጽናናኝ አልሞከረም፤ ወረቀት ፈልጎ አሰላልኝ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በሰከንድ አንድ አሥረኛ ውስጥ ቢቆም፣ 10 ኪሎ የሚመዝን ሕፃን ከእቅፍ የሚወጣው 140 ኪሎ በሚያህል ኃይል ነው። አንድ ኩንታል ጤፍ ከነ 40 ኪሎ ጭማሪው ማለት ነው። «አንቺ ቀርቶ ተሸካሚም አይዘው» አለኝ። ቀጠለና ደግሞ፣ በ40 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ሄዶ ከግድግዳ ጋር መላተም ከ6 ሜትር ከፍታ እንደ መውደቅ ነው፤ በ50 ሲሆን ወደ 10 ሜትር ይጠጋል አለ። ከሁለተኛ ፎቅ በረንዳ ልጇን ታቅፋ የምትዘል እናት አላውቅም። እኔ ግን በየእሑዱ ለዚያ በሚያጋልጥ ሁኔታ እጓዝ ነበር። እኔም ሳልታሰር ታቅፌያት ስለነበር፣ ግጭቱ ከዚያ ቢከፋ ኖሮ በእኔ ክብደትና በዳሽቦርዱ መካከል የምትጨፈለቀው እሷ ነበረች።

«አሮጌ መኪና ስለማይሮጥ ችግር የለውም» የሚለውን ነገር ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። አዲስ መኪና ሲጋጭ ፊቱ እየተጨማደደ የግጭቱን ኃይል እንዲቀንስ ሆኖ ይሠራል፤ በአንዳንዱም የአየር ከረጢት ይነፋል፣ መሪውም ይታጠፋል። በእኛዋ ዕድሜ ያሉት መኪኖች የመሪ ዘንጋቸው ቀጥ ብሎ ወደ ሾፌሩ ደረት የተሰካ ብረት ነው፣ የአንገት መደገፊያ የላቸውም። የፊት ወንበሮቹ ከኋላ ሰው ለማስገባት ወደፊት የሚታጠፉ ናቸው፤ የብዙዎቹም ማጠፊያ መቆለፊያ የለውም። ስለዚህ ከኋላ ያልታሰረ ልጅ ሲወረወር ወንበሩን ይዞ በእናቱ ጀርባ ላይ ይወድቃል። የድሮ በሮች ደግሞ በግጭት ጊዜ ቶሎ ይከፈታሉ። «ቀበቶ ካሰርኩ መኪናው ቢቃጠል እንዴት እወጣለሁ?» የሚሉኝም አሉ፤ በተለይ የቮልስ ነዳጅ ከፊት መሆኑን የሚያውቁ። ታዲያ ራሱን የሳተ ሰው በሩን በምን ይከፍታል?

ዛሬ የምናውቀውን በትከሻና በወገብ የሚያልፍ ቀበቶ የሠራው ኒልስ ቦሊን የተባለ ስዊድናዊ መሐንዲስ ነው። ቮልቮ ከመግባቱ በፊት ለአውሮፕላን አብራሪዎች ከአደጋ የሚያስፈነጥር ወንበር ይሠራ ነበር። ቮልቮ ቀበቶውን በ1959 እ.ኤ.አ. በመኪኖቹ ላይ ገጠመ፣ የፈጠራ መብቱንም ሌሎች ፋብሪካዎች እንዲጠቀሙበት ክፍት አደረገው። አሜሪካ ደግሞ አዳዲስ መኪኖች ቀበቶ ይዘው እንዲወጡ ያስገደደችው በ1968 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ላይ ነው። የአባባ መኪና ከዚያ ትቀድማለች። በእንግሊዝ አገር እንዲህ ያለ ጥንታዊ መኪና ያለው ሰው ቀበቶ እንዲያስገጥም ሕግ አያስገድደውም፤ ነገር ግን ቀበቶ በሌለው መኪና ከ3 ዓመት በታች ያለ ልጅ ጨርሶ አይጫንም፤ ከዚያ ከፍ ያለውም ከኋላ ብቻ ነው የሚቀመጠው። ይህን ባወቅሁ ጊዜ ለአንድ ቀን ያህል ምግብ አልበላሁም።

አሁን ወደ ጭቅጭቃችን ልምጣ። ለባለቤቴ ቀበቶ እናስገጥም አልኩት። «አባቴ እንዳስረከበኝ ነው የማቆያት። ላሜራዋን አልበሳም» አለ። እኔም፣ «እንግዲያው እኔና ልጆቹ በታክሲ እንሄዳለን» አልኩ። ቃሌንም ጠበቅሁ። ለሦስት ወር ያህል ፓስተሩ በቮልስ ብቻውን፣ ሚስቱና ልጆቹ በታክሲ ቤተ ክርስቲያን ይደርሱ ነበር። ምእመናን ምን እንዳሰቡ መገመት ትችላላችሁ። አንዲት እናት ጠርተውኝ፣ «የአገልጋይ ሚስት ሆነሽ ከእግዚአብሔር ጥበቃ ይልቅ በጨርቅ ትታመኛለሽ?» አሉኝ። ለጊዜው መልስ አጣሁ። በኋላ ግን ኦሪት ዘዳግም 22 ትዝ አለኝ። አዲስ ቤት የሚሠራ ሰው፣ ማንም ወድቆ እንዳይሞት በጣሪያው ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ የታዘዘው እዚያ ነው። ያዘዘው ደግሞ ጠባቂው እግዚአብሔር ራሱ ነው። ይህን ለእኚያ እናት ነገርኳቸው እንጂ ለባለቤቴ አልነገርኩትም። ባልን በጥቅስ መምታት እንደማያዋጣ በመጀመሪያዎቹ የትዳር ዓመታት ተምሬአለሁ።

ነገሩን የፈታልን አባባን ያውቋቸው የነበሩ ሽማግሌ መካኒክ ናቸው። ባለቤቴ መኪናዋን ለካርቡራተር ወስዷት ሳለ ስለ ጭቅጭቃችን አጫወታቸው። እሳቸውም ሳይናገሩ ተነሥተው ከበሩ በስተኋላ ባለው ምሰሶ ላይ ትንሽ የፕላስቲክ ክዳን ነቀሉ። ምንጣፉን ገልጠው ከታች ሌሎቹን አሳዩት። ጥርስ የወጣላቸው የቡሎን ቀዳዳዎች ነበሩ። «ልጄ፣ ይህን ፋብሪካው ነው ለቀበቶ ያዘጋጀው። አባትህ ቀበቶውን አልገዙም እንጂ ቦታውስ ከመጀመሪያው ነበረ» አሉት። በዚያ ዘመን ቀበቶ ለብቻው ተከፍሎበት የሚገዛባቸው መኪኖች ብዙ ነበሩ። ባለቤቴ ማታ ሲነግረኝ ጣቱን ቀዳዳው ውስጥ አስገብቶ ብዙ እንደቆየ ነገረኝ። የሚበሳ ላሜራ አልነበረም።

እንዲህ ያለ መኪና ያላችሁ፣ ቮልስም ይሁን ፊያት ወይም ፔጆ፣ በቅድሚያ ይህን ቦታ አስፈልጉ። የተዘጋጀ ቀዳዳ ከሌለው ሥራው ለማንም ተራ በያጅ የሚሰጥ አይደለም። በስስ ላሜራ ላይ በቡሎን ብቻ የታሰረ ቀበቶ በግጭት ጊዜ ላሜራውን ቀዶ ይወጣል፤ ከጀርባው ወፍራም የብረት ሳህን መደገፍ አለበት። ዝገትም ይታይ። የቮልስ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ስለሆነ ከሥሩ ያለው ወለል ቶሎ ይበላል፤ የእኛም ተበልቶ ስለነበር ቀበቶው ከመታሰሩ በፊት ወለሉ መቀየር ነበረበት። ወጪው አሳምሞናል፣ አልዋሻችሁም። ቀበቶውን ግን ከተጋጨ መኪና የተፈታ እንዳትገዙ። አንድ ጊዜ ሰው ይዞ የተወጠረ ቀበቶ ለሁለተኛ ጊዜ አይታመንም፤ ጠርዙ የተተለተለ ወይም ፀሐይ ያነጣውም እንዲሁ።

ለእኛ ከፊት በትከሻና በወገብ የሚያልፈውን አስገጠምን። ከኋላ የተገኘው ቦታ ግን የወገብ ብቻ ነበር። የወገብ ቀበቶ ሆድ ላይ ሳይሆን ዝቅ ብሎ የዳሌ አጥንት ላይ መዋል አለበት፤ ሆድ ላይ ከዋለ ራሱ ይጎዳል። እርጉዝ የሆናችሁ እኅቶች፣ የታችኛው ከሆዳችሁ በታች፣ የላይኛው በጡቶቻችሁ መካከል ይለፍ። ጋቢና ወፍራም ካፖርት ከቀበቶው በላይ እንጂ ከሥሩ አይሁን። አንድ ቀበቶ ለእናትና ለልጅ አይጋራም። ለትናንሽ ልጆች የሕፃን መቀመጫ ያስፈልጋል፤ ሲገዛም በመኪናው ቀበቶ በትክክል የሚታሰር መሆኑ በቅድሚያ ይሞከር።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቀበቶ ከፊት የተቀመጡትን ሰዎች የሞት አደጋ ከ45 እስከ 50 በመቶ፣ የኋላዎቹን 25 በመቶ ያህል ይቀንሳል። በብዙ ቤት ግን ባል ትራፊክ ፖሊስ ፈርቶ ያስራል፤ ሚስትና ልጆች ከኋላ እንዲሁ ይቀመጣሉ። ትራፊክ ሲያይ ብቻ ቀበቶውን ደረቱ ላይ ጣል የሚያደርገውንማ ተዉት። ባለቤቱ አጠገቡ ሆና እያየችው ዝም ካለች እሷም ተባባሪ ናት።

ወደ ሠርጉ ልመለስ። ሙሽሪት ታሪኩን ከሰማች በኋላ ስለ ቬሎዋ አልተናገረችም። ችግር የፈጠረብን ቪዲዮ አንሺው ነው። አበባ የሚይዙትን ሕፃናት በሙሽሮቹ ጭን ላይ አስቀምጦ፣ እሱ በሌላ መኪና መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ ሊቀርጽ ፈለገ። ባለቤቴ ሞተሯን አጥፍቶ ቁልፉን ኪሱ ከተተ። ሕፃናቱ ወርደው የሚታሰሩበት ሌላ መኪና ውስጥ ገቡ፤ ቪዲዮ አንሺውም እያጉረመረመ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከፊት፣ ከባለቤቴ ጎን የተቀመጠችው ሚዜ የኛዋ ልጅ ነበረች። አሁን ትልቅ ሰው ሆናለች፤ የከንፈሯ ጠባሳ ቀለም ስትቀባ አይታይም። ወደ ኋላ ዞር ብላ የሙሽሪትን ቀበቶ ከቬሎው እጥፋት ሥር ፈልጋ ጎተት አድርጋ አየችው። አባቷም ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት እንደ ልማዱ፣ «ታሰራችሁ?» ብሎ ጠየቀ።

ፎቶው ደርሶናል። ቬሎው ወገቡ ላይ ትንሽ ተጨማድዷል፤ ሙሽሪት ካላሳየቻችሁ ግን አታዩትም።